የተጎዳ መገጣጠሚያ ይዞ ገንዳ ለሚገባ ሰው፦ የትኛው ፕላስተር፣ የትኛው ማሰሪያ?

ቅዳሜና እሁድ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ የሆቴል ገንዳዎች ይሞላሉ፤ ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ራቅ ሲባል ደግሞ ቢሾፍቱ። ከዋናተኞቹ መካከል ትከሻቸው ላይ ሰማያዊ ፕላስተር የለጠፉ፣ ቁርጭምጭሚታቸውን በነጭ የጠቀለሉ፣ ጉልበታቸውን በጥቁር ማሰሪያ ያጠበቁ አይጠፉም። ጥቂት ዙር እንደዋኙ የሰማያዊው ጫፍ ተላጦ ይንሳፈፋል፤ ነጩ ውሃ ጠጥቶ ይላላል፤ ጥቁሩ እግርን ወደ ላይ ይገፋል። ሦስቱም ገንዘብ ወጥቶባቸዋል።

ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የዕቃው አይደለም። ሰው የሚለጠጠውን ገዝቶ መገጣጠሚያውን አጥብቆ እንዲይዝለት ይጠብቃል፤ ወይም የማይለጠጠውን ትከሻው ላይ ለጥፎ ክንዱን ማንሳት ያቅተዋል። ሱቁም ሁሉንም «የስፖርት ፕላስተር» ብሎ በአንድ መደርደሪያ ስለሚደረድር ልዩነቱን የሚነግር የለም። ስለዚህ የምርት ስም ትተን መጀመሪያ መስፈርት እናውጣ፤ ከዚያ እያንዳንዱን በዚያ እንመዝን።

ፕላስተር ሳይሆን ሐኪም የሚያስፈልገው ጉዳት

ስብራትና ውልቃት በፕላስተር አይድኑም፤ ይሸፈናሉ እንጂ። ቁርጭምጭሚቱ የተጠመዘዘበት ሰው ጉዳቱ እንደደረሰም ሆነ ሐኪም ፊት ሲቀርብ አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው ራጅ መነሣት አለበት። በእግሩ በሁለቱ ወገን ጎላ ብለው የሚታዩት አጥንቶች ጫፋቸው ወይም የኋላ ጠርዛቸው በጣት ሲጫን የሚያመው ከሆነም እንዲሁ። ይህ ሐኪሞች የኦታዋ መለኪያ ከሚሉት ውስጥ የተወሰደ ቀላል ፈተና ነው። ትከሻው ከቦታው የወጣ፣ ጣቶቹ የደነዘዙበት፣ ጉልበቱ ተቆልፎ አልዘረጋ ያለው ሰውም የገንዳውን ነገር ለጊዜው ይተወው።

ለብዙዎቻችን ወለምታ ሲባል መጀመሪያ የሚታወሰው ወጌሻ ነው። እጃቸው የተባረከ ወጌሻዎች መኖራቸውን አልክድም። ይሁን እንጂ ባበጠ መገጣጠሚያ ላይ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት የሚደረግ ጠንካራ እሽታ እብጠቱን ያባብሳል። በቀርከሃ ተጠፍንጎ የታሰረ እግር ወይም እጅ ደም አጥቶ እስከ መቆረጥ መድረሱም በሆስፒታሎቻችን የታወቀ ነው። ይህ የኋለኛው አደጋ አጥብቆ በተጠቀለለ ፕላስተርም ሊመጣ ይችላል። ከለጠፋችሁ በኋላ የጣታችሁን ጥፍር ተጭናችሁ ልቀቁ፤ የነጣው ቦታ በሁለት ሰከንድ ገደማ ወደ መልኩ ካልተመለሰ፣ ወይም ጣቱ ከቀዘቀዘና ከወረረው፣ ወዲያው ፍቱት።

«ፍልውሃ ገብቼ ልዘፍዘፈው» የሚለውም ሐሳብ ለቆየ ድርቀትና ሕመም እንጂ ለትናንት ወለምታ አይሆንም፤ ሙቀት አዲስ እብጠትን ይጨምራል። ሙጫንም ያለሰልሳል፤ ፕላስተር ለጥፎ ፍልውሃ መግባት ድርብ ኪሳራ ነው።

መስፈርቶቹ

ዋናው ጥያቄ ዕቃው ምን እንዲሠራላችሁ ትፈልጋላችሁ የሚለው ነው። አንዱ ሥራ መገጣጠሚያው ወደ አደገኛው አቅጣጫ እንዳይታጠፍ መከልከል ነው። ሌላው ቆዳን ለስለስ አድርጎ በመሳብ ሕመምን በጥቂቱ ማቅለልና አቋምን ማስታወስ ነው። ሦስተኛው ጣትን ከጣት ጋር እንደማስተሳሰር ያለ ትንሽ ሥራ ነው። አንድ ዕቃ ሦስቱንም አይሠራም፤ እሠራለሁ የሚል ማሸጊያ ካያችሁ ተጠራጠሩ።

ከዚያ ቀጥሎ ውሃ ውስጥ ምን ያህል ይቆያል፣ የዋናን እንቅስቃሴ ምን ያህል ያግዳል፣ ቆዳን ይጎዳል ወይ፣ ያለ ረዳት ሊለጠፍ ይችላል ወይ የሚሉት ይመጣሉ። የመጨረሻውን ብዙዎች ይረሱታል። የራስን ትከሻ በአንድ እጅ በሥርዓት መለጠፍ የሚችል ሰው አላየሁም።

ዋጋን በተመለከተ የጥቅሉን ሳይሆን የአንድ ዋናን ወጪ አስሉ። የብር ዋጋው በየጊዜው ስለሚለዋወጥ እዚህ አልጽፈውም፤ ስሌቱ ግን አይለወጥም። የሚለጠጠው ፕላስተር በተለመደው መጠኑ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 5 ሜትር ርዝመት አለው። አንድ ጉልበት ባለ 25 ሴንቲ ሜትር ሁለት ቁራጭ ቢፈልግ ጥቅሉ አሥር ጊዜ ይለጠፋል፤ አንዱ ልጣፍ ሦስት ቀን ቢቆይ በመካከሉ ሁለት ጊዜ መዋኘት ይቻላል። የማይለጠጠው የስፖርት ፕላስተር ደግሞ 3.8 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጥቅል 13.7 ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ቁርጭምጭሚት ሲሶውን ወይም ግማሹን ይበላል፤ ያም ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሱቅ ላይ ረከሰ የተባለው ውሃ ዳር ሲደርስ ውድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የሚለጠጠው ባለቀለም ፕላስተር

ኪኔሲዮ ቴፕ እየተባለ የሚጠራውን ጃፓናዊው ኬንዞ ካሴ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ያመጣው ሲሆን፣ በ2008 እ.ኤ.አ. በቤጂንግ ኦሊምፒክ በአትሌቶች ገላ ላይ ከታየ በኋላ ዓለምን አዳረሰ። ጨርቁ ጥጥ ወይም ሰው ሠራሽ ሆኖ ከላስቲክ ክር ጋር የተሸመነ ነው፤ ወደ ርዝመቱ ብቻ ይለጠጣል። ሙጫው አክሪሊክ ነው፤ የሚነቃውም በሙቀት ነው። ቀለሙ ምንም ሥራ የለውም፤ ሰማያዊው ያቀዘቅዛል፣ ቀዩ ያሞቃል የሚለውን ሻጭ ፈገግ ብላችሁ እለፉት።

ቆዳ ላይ ከሚለጠፉት ሁሉ ለውሃ የሚሻለው ይኸው ነው። በትክክል ከተለጠፈ ገንዳና ሻወር ችሎ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይቆያል። ሰው ሠራሹ ከጥጡ ቶሎ ይደርቃል፤ አዘውትሮ ለሚዋኝ እሱን እመርጣለሁ። የክንድንና የእግርን እንቅስቃሴም አያግድም። የማያግድ በመሆኑ ግን የሚንሸራተት ትከሻን ወይም የላላ ቁርጭምጭሚትን ሊይዝ አይችልም። ጥናቶችን የመረመሩ ሰዎች የደረሱበትም መጠነኛ ነው፤ ለአጭር ጊዜ ሕመምን በጥቂቱ ሊያቀል ይችላል፤ ከማስመሰያ ልጣፍ፣ ማለትም ለማወዳደር ብቻ ከተለጠፈ፣ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው። ስለዚህ ስጠየቅ የማስታወሻ ሥራ ይሠራል እላለሁ፤ ትከሻችሁ ሲያጎብጥ ቆዳው ሳብ ያደርጋችኋል፤ እናንተ ታስተካክላላችሁ። ከዚያ በላይ አትጠብቁ።

ገንዳ ውስጥ የሚላጠው በአብዛኛው በቅባት ምክንያት ነው። በደጋው ደረቅ አየር ከታጠብን በኋላ ቫዝሊን ወይም ሌላ ቅባት መቀባት ልማዳችን ነው፤ ቅባት የነካው ቆዳ ላይ የቱም ሙጫ አይይዝም። ቦታውን በሳሙና አጥቡት፤ በደንብ አድርቁት፤ የቀረ ቅባት ካለ በአልኮል ጥረጉት። ጠጉር የበዛበትን ከአንድ ቀን በፊት አሳጥሩት። በዚያው ዕለት በምላጭ የተላጨ ቆዳ ከሙጫና ከክሎሪን ጋር ሲገናኝ ያቃጥላል።

ጉልበትን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ጉልበታችሁን እጠፉ። የቁራጩን አራቱንም ማዕዘኖች በመቀስ ክብ አድርጉ፤ ሹል ማዕዘን ከሁሉ ቀድሞ ይነሣል። ከአንዱ ጫፍ ሙጫውን የሸፈነውን ወረቀት አራት ጣት ያህል ገንጥላችሁ ጫፉን ያለ ምንም መለጠጥ ከጉልበት በታች በውጭ በኩል አስቀምጡት። መካከሉን በጥቂቱ ሳብ እያደረጋችሁ በጉልበት ሎሚ ጎን አሳልፉት፤ የመጨረሻዎቹን አራት ጣቶች እንደገና ሳትለጥጡ አሳርፉት። ሁለተኛው ቁራጭ በሌላው ጎን ይሄዳል። ጣታችሁ ሙጫውን በነካበት ቦታ ቆዳውን አይይዝም፤ ስለዚህ በወረቀቱ ያዙት። በመጨረሻ ፕላስተሩ እስኪሞቅ ድረስ በመዳፍ እሹት።

ከዚያ ቢያንስ አንድ ሰዓት ጠብቁ። ከከተማ ወጣ ብሎ መዋኘት እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ቤት ለጥፋችሁ ከወጣችሁ የእሁድ መንገድና የቃሊቲ መጨናነቅ ሰዓቱን ያለ ድካም ይሞሉላችኋል። በእርጥቡ የገንዳ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ቆሞ መለጠፍ ግን ፕላስተር ማባከን ነው። ከውሃ ስትወጡ በፎጣ ጫን ጫን አድርጋችሁ አድርቁት እንጂ አትፈትጉት። የተነሣ ጫፍ ካለ አትጎትቱት፤ በመቀስ ቁረጡት። ለማንሳት ደግሞ የምግብ ዘይት ቀብታችሁ ጥቂት ቆዩና፣ ጠጉሩ በተኛበት አቅጣጫ ቆዳውን በአንድ እጅ እየተጫናችሁ ቀስ ብላችሁ ግለጡት።

የማይለጠጠው ነጭ ፕላስተር

የእግር ኳስ ወጌሻዎች ቦርሳ ውስጥ የማይጠፋው፣ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ሙጫ የተቀባው የጥጥ ፕላስተር ነው። በምድር ላይ ክብሩ የተገባ ነው፤ ከዚህ በፊት ወለምታ የደረሰበትን ቁርጭምጭሚት ዳግመኛ እንዳይጠመዘዝ እንደሚረዳ በደንብ የታወቀ ነው። ሆኖም ደረቅ ሜዳ ላይም ቢሆን ከግማሽ ሰዓት ያህል እንቅስቃሴ በኋላ መላላት ይጀምራል። ውሃ ሲጨመርበት ጥጡ ይረጥባል፣ ሙጫው ይንሸራተታል፣ ከሥሩ ቀጭን የስፖንጅ መጠቅለያ ካለ ደግሞ ሁሉም አብሮ ይወርዳል።

ከዚህ የሚብሰው ሌላ ነገር ነው። ዋናተኛ እግሩን ሲመታ ጣቶቹን ወደ ኋላ መዘርጋት አለበት፤ ነጩ ፕላስተር የሚከለክለው በከፊል ይህንኑ ነው። የታሰረ እግር ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ውሃውን እንደ መልህቅ ይጎትታል። ደግሞም ቁርጭምጭሚት የሚጠመዘዘው የሰውነት ክብደት ሲያርፍበት ነው፤ ስትዋኙ ክብደቱ በውሃ ተይዟል። የአደጋው ስፍራ እርጥቡ ሴራሚክ፣ ደረጃውና ወደ ሆቴሉ የሚያስገባው ኮብልስቶን ነው። ነጩን ለመንገዱ ተጠቀሙበት፤ ገንዳ ዳር ፍቱት።

ከዚህ የሚለዩት ጣቶች ናቸው። ግድግዳ መትታ ያበጠችን ጣት ከጎረቤቷ ጋር በሁለት ቀጫጭን ቁራጭ ማስተሳሰር ርካሽ፣ ፈጣንና ጥሩ መፍትሔ ነው። በመካከላቸው ጎዝ አስገቡ፤ መገጣጠሚያው ላይ አትለጥፉ፤ እንደወጣችሁ ቀይሩት። ለዚህ የሰፈር መድኃኒት ቤት ባለ 2.5 ሴንቲ ሜትር ፕላስተር ይበቃል።

ፋሻዎች

ተራው ክሬፕ ፋሻ ውሃ ውስጥ ይከብዳል፣ ይላላል፣ ይፈታል፤ ጥልቅ ቦታ ላይ የተፈታ ፋሻ እግር ላይ መጠምጠሙ አደጋ ነው። በራሱ ላይ የሚጣበቀው ባለቀለም ፋሻ ከዚህ ይሻላል፤ ቆዳን አይላጭም፤ ለአጭር ጊዜ የሌላ ፕላስተር ጫፍ ለመያዝ ይሆናል። ችግሩ ሲጠቀለል በእያንዳንዱ ዙር እየጠበቀ መሄዱ ነው። ብዙዎቹ ላቴክስ ስላላቸው አለርጂ ያለበት ሰው ይጠንቀቅ።

የኒዮፕሪን ማሰሪያ

የጠላቂዎች ልብስ የሚሠራበት፣ በውስጡ የአየር አረፋ ያለው ጎማ ነው። ሁለት ባሕርያቱ ከአረፋው ይመጣሉ፤ ያሞቃል፤ ይንሳፈፋል። ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር የማያንስ ከፍታ ላይ ናት፤ ቢሾፍቱ እንኳ 1,900 ሜትር ገደማ ናት። ማሞቂያ በሌለው ገንዳ የጠዋት ውሃ ምን እንደሚመስል የገባ ያውቀዋል። ለቆየ የጉልበት ሕመም ሙቀቱ ብቻውን ዋጋ አለው። መንሳፈፉ ደግሞ አንድ እግርን ከሌላው ከፍ ያደርጋል፤ ፍሪስታይል የሚዋኝ ሰው ወገቡ ሲጠመዘዝ ይሰማዋል። ቀጭኑን ብትመርጡ ይህ ይቀንሳል።

ስትገዙ የጉልበታችሁን ወይም የቁርጭምጭሚታችሁን ዙሪያ በሜትር ለኩ፤ «ለሁሉም ይሆናል» የሚለውን አትመኑ። ብረት ማጠፊያ ያለው ለገንዳ አይሆንም፤ ይዝጋል፣ አጠገባችሁ ያለውንም ይቧጭራል። ከዋና በኋላ በንጹሕ ውሃ አለቅልቃችሁ በጥላ አድርቁት። እንዲህ ከተያዘ ለረዥም ጊዜ ያገለግላል፤ በአንድ ዋና ሲሰላ ከሁሉም የሚረክሰውም እሱ ነው። ለትከሻ የሚሠራው ግን ክንድን ስለሚያግድ ለዋና አልመክረውም።

ምንም ሳይለጥፉ ዋናውን መለወጥ

ገንዘብ የማይጠይቀው አማራጭ ብዙ ጊዜ የተሻለው ነው። የዋናተኛ ትከሻ የሚታመመው በድግግሞሽ ነው፤ የሚሻለውም ድግግሞሹ ሲቀንስ ነው። ቢራቢሮ የሚባለውን የዋና ስልት ተዉ፤ ርቀቱን አሳጥሩ፤ በሁለቱም ወገን ተንፍሱ። የስፖንጅ ሰሌዳ ወደ ፊት ዘርግቶ መያዝ የታመመ ትከሻን ስለሚቆነጥጥ በጀርባችሁ ተኝታችሁ እጃችሁን በጎናችሁ አድርጋችሁ በእግር ብቻ ሂዱ። የጉልበት የውስጥ ጎን የሚያማችሁ ከሆነ ጠላታችሁ የደረት ዋና የእግር ምት ነው፤ ጉልበትን ወደ ውጭ እየከፈተ ጅማቱን ይስበዋል። በዚያ ላይ ማንኛውንም ፕላስተር ለጥፎ መቀጠል ሕመሙን ማራዘም ብቻ ነው።

ለቁርጭምጭሚት ተንሳፋፊ ስፖንጅ በጭናችሁ መካከል ይዛችሁ በእጅ ብቻ ዋኙ። የዙሪያችን የሆቴል ገንዳዎች አብዛኞቹ አጫጭር ናቸው፤ ስለዚህ ግድግዳ መግፋት ይበዛል። በጤነኛው እግር ብቻ ግፉ። ገና የሚያነክስ ሰው ደግሞ ከመዋኘት ይልቅ መራመድ ይጀምር፤ ወገብ ድረስ ባለ ውሃ የሰውነት ክብደት በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ ደረት ድረስ ሲሆን የሚቀረው ሲሶ ወይም ከዚያ በታች ነው።

በአጭሩ ሲነጻጸሩ

| አማራጭ | በውሃ ውስጥ ጽናት | መገጣጠሚያን መያዝ | ለዋና ነፃነት | ብቻን መለጠፍ | የአንድ ዋና ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| የሚለጠጥ ባለቀለም | ጥሩ፣ ከ3 እስከ 5 ቀን | የለም ማለት ይቻላል | ሙሉ | ጉልበት ይቻላል፣ ትከሻ አይቻልም | መካከለኛ |
| የማይለጠጥ ነጭ | ደካማ | በደረቅ ጥሩ፣ በውሃ ይላላል | ያግዳል | ጣት ቀላል፣ ቁርጭምጭሚት ከባድ | ከፍተኛ፣ ለጣት ዝቅተኛ |
| ክሬፕ ፋሻ | የለውም | የለም | ያደናቅፋል | ቀላል | ዝቅተኛ ግን ከንቱ |
| በራሱ የሚጣበቅ ፋሻ | መካከለኛ | ጥቂት | መካከለኛ | ቀላል | መካከለኛ |
| የኒዮፕሪን ማሰሪያ | በጣም ጥሩ | መካከለኛ | ጥቂት ያግዳል | በጣም ቀላል | ውሎ ሲያድር ዝቅተኛ |
| ዋናን መለወጥ | አይመለከተውም | አደጋውን ያስቀራል | በከፊል | አይመለከተውም | የለም |

ማን የትኛውን ይውሰድ

ኪሱ ጠበብ ያለና አልፎ አልፎ የሚዋኝ ሰው ምንም አይግዛ፤ ዋናውን ይለውጥ። ትርፍ ገንዘብ ካለው ለጉልበት ወይም ለቁርጭምጭሚት አንድ ቀጭን የኒዮፕሪን ማሰሪያ ይግዛ። ወለምታው ከዳነ በኋላ የመተማመን ስሜት ለጎደለው ሰውም ይኸው ይሆነዋል፤ ከመኪና እስከ ገንዳ ያለውንም መንገድ አብሮ ይሸፍንለታል።

ትከሻው በልኩ ለሚያመውና በሳምንት ደጋግሞ ለሚዋኝ ሰው የሚለጠጠው ፕላስተር ትርጉም አለው፤ መጀመሪያ ፊዚዮቴራፒስት አንድ ጊዜ ለጥፎ ያሳየው፤ ከዚያ የቤት ሰው ይልመድለት። በየሰፈሩ መድኃኒት ቤት ላይገኝ ስለሚችል ወደ መሐል ከተማ ስትሄዱ የስፖርት ዕቃ ሱቆችን ጠይቁ። ጥቅሉን ከመግዛታችሁ በፊት ጫፉን ነካ አድርጉት፤ ለረዥም ጊዜ ፀሐይ ላይ የተሰቀለ ፕላስተር ሙጫው ደርቆ ከወረቀቱ በቀላሉ ይላቀቃል። አንድ ትንሽ ቁራጭ በክንድ ውስጠኛ ክፍል ለአንድ ቀን ለጥፋችሁ ቆዳችሁ እንደማይቆጣ አረጋግጡ።

ስኳር በሽታ ያለባቸው፣ እግራቸው ላይ የደም መርጋት የነበረባቸው፣ ቆዳቸው የሳሳ አረጋውያንና በቦታው ቁስል ያለባቸው ሰዎች ያለ ሐኪም ምክር ምንም አይለጥፉ። አንዳንድ ገንዳዎችም ፋሻና ፕላስተር ይዞ መግባትን ይከለክላሉ፤ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ጠይቁ።

ቢሾፍቱ ሐይቅ ውስጥ ለሚዋኙ አንድ ቃል ልጨምር። ሐይቆቹ በእሳተ ገሞራ የተፈጠሩ ጉድጓዶች ናቸው፤ ከዳር ብዙም ሳይራቅ ይጠልቃሉ። ይከዳኛል የምትሉትን መገጣጠሚያ በፕላስተር ተማምናችሁ ወደዚያ አትውሰዱት፤ እግር የሚደርስበት ገንዳ ይሻላል።

ለውድድር የሚዘጋጁ ወጣቶች ደግሞ በዓለም አቀፉ የዋና ደንብ መሠረት ያለ ፈቃድ ገላ ላይ ፕላስተር ለጥፎ መወዳደር እንደማይቻል ይወቁ። ለልምምድ የለመዱትን ልጣፍ በውድድሩ ዕለት እንዲያነሡ ሊታዘዙ ይችላሉ፤ ስለዚህ ጉዳዩን ከአሰልጣኛቸው ጋር አስቀድመው ይጨርሱ፤ ከውድድሩ በፊት ባሉት ሳምንታትም ያለ ፕላስተር መዋኘት ይልመዱ።